ስለ ሒሳብ ጥያቄ መወያየት

የሒሳብ ጥያቄ ሲባል በብዙ ተማሪዎች አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና የፈተና ወረቀት ነው። ጥያቄው ከመምህሩ ይመጣል፤ መልሱም ወደ መምህሩ ይመለሳል፤ በመካከሉ ያለውን ሥራ እያንዳንዱ ተማሪ ደብተሩን በክንዱ ከልሎ ብቻውን ይወጣዋል። ይህ ልማድ ለፈተና አዳራሽ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሒሳብን ብዙ ዘመን አስተምረው ከሥራ ከተሰናበቱ በኋላ እንኳ ትምህርቱን ያልተዉት ሰዎች ደስታቸውን የሚያገኙት ከዚህ በተለየ ስፍራ ነው፤ ይኸውም አንድን ጥያቄ ከሌሎች ጋር ሆኖ በማገላበጥ፣ በመከራከርና በመተራረም ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት ጽሑፍ ይህ ደስታ ከምን እንደሚመነጭ ያስረዳችኋል።

መምህር በክፍል ውስጥ ሳለ ሰዓት ይገዛዋል። ምዕራፉ መጠናቀቅ አለበት፤ ደወሉ ይደወላል፤ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ መልካም ጥያቄ ቢያነሣ እንኳ «በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን» ተብሎ ይታለፋል። ያ ሌላ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አይመጣም። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ቀድሞ ሒሳብ ያስተምር ስለ ነበር ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ከሥራ የተሰናበተ መምህር ግን ደወል የለበትም። አንድ ጥያቄ ሦስት ቀን ቢወስድበት የሚጠይቀው የለም። የሚወያየው ሰው በጎረቤት ይሁን በሩቅ ከተማ፣ በቃል ይሁን በጽሑፍ፣ ጥያቄው እስኪገለጥ ድረስ ጊዜው የራሱ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ምሳሌውንም ከሩቅ አናመጣም። በወላይታ ዞን የዘመን መለወጫ በዓል ጊፋታ ይባላል። በዓሉ የሚከበረው ከመስከረም 14 እስከ መስከረም 20 ባሉት ቀኖች ውስጥ በሚውለው እሑድ ነው። የመስቀል በዓል ደግሞ ሁልጊዜ መስከረም 17 ቀን ይውላል። እንግዲህ በወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ተሰብስበው ሳለ ከመካከላቸው አንዱ «ጊፋታና መስቀል በአንድ ቀን የሚውሉት በየስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንበል።

ጥያቄው የመማሪያ መጽሐፍ ጥያቄ አይመስልም። ቁጥር የተሰጠበት የለም፤ የትኛውን ደንብ መጠቀም እንደሚገባ የሚናገርም የለም። ቢሆንም እውነተኛ የሒሳብ ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ የሚናገረው ሰው ምናልባት እንዲህ ይላል፦ «የሳምንቱ ቀኖች ሰባት ናቸው፤ እሑድ ከሰባቱ አንዱ ነው፤ ስለዚህ በየ7 ዓመቱ ይገናኛሉ።» ንግግሩ አጭርና የሚያሳምን ነው። ሌላው ግን የቀን መቁጠሪያ ያነሣል። መስከረም 17 ቀን 2013 ዓ.ም. እሑድ ነበር። እንደገና እሑድ የሚሆነው በ2019 ዓ.ም. ነው። ከ2013 እስከ 2019 ያለው ልዩነት 6 ነው እንጂ 7 አይደለም። አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ከተገኘ የመጀመሪያው አባባል እንዳለ ሊቆም አይችልም። በሌላ ዓይነት ክርክር ቢሆን ኖሮ ከዚህ ላይ ድምፅ ከፍ ማለት ይጀምር ነበር። በሒሳብ ግን ሁለቱም ሰዎች ወደ ቀን መቁጠሪያው ይጎነበሳሉ።

ሦስተኛ ሰው የነገሩን ሥር ይፈልጋል። መስከረም 17 እሑድ ከሆነ መስከረም 10 እና መስከረም 3 እሑድ ናቸው፤ መስከረም 3 እሑድ ከሆነ መስከረም 1 ዓርብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «እንቁጣጣሽ ዓርብ ቀን የሚውለው መቼ መቼ ነው?» ወደሚል ቀላል ጥያቄ ተለወጠ። ይህ የመለወጥ ሥራ ከጠቅላላው ድካም ግማሹ ነው።

አንድ ዓመት 365 ቀን ነው። 365 ለ7 ሲካፈል 52 ደርሶ 1 ይቀራል። ስለዚህ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይሄዳል፤ ዘንድሮ ማክሰኞ ከዋለ በሚቀጥለው ዓመት ረቡዕ ይውላል። ነገር ግን በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ፣ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ያን ጊዜ ዓመቱ 366 ቀን ይሆንና ቀሪው 2 ይሆናል፤ ስለዚህ እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ዘልሎ ይውላል። ዘመነ ሉቃስ የሚባለው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀርበት ዓመት ነው፤ እንደ 2015፣ እንደ 2019፣ እንደ 2023 ያለው ማለት ነው።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተከተሉ። እንቁጣጣሽ በ2019 ዓርብ ነው። ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ 2020 ቅዳሜን ዘልሎ በእሑድ ይጀምራል። 2021 በሰኞ፣ 2022 በማክሰኞ፣ 2023 በረቡዕ ይጀምራሉ። 2023 ዘመነ ሉቃስ ነውና 2024 ሐሙስን ዘልሎ ዓርብ ላይ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ልዩነቱ 5 ሆነ። እንዲሁ እያላችሁ ብትቀጥሉ የሚቀጥሉት ዓመቶች 2030፣ 2041 እና 2047 መሆናቸውን ታገኛላችሁ። ልዩነቶቹም 5፣ 6፣ 11 እና 6 ናቸው።

አሥራ አንድ ከየት መጣ? በ2035 እንቁጣጣሽ ሐሙስ ይውላል፤ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ስለዚህ በ2036 የዘለለው ዓርብን ራሱን ነው። ዓርብ ተራው ሲደርስ ታለፈና ሌላ ዙር መጠበቅ ግድ ሆነበት። ይህን ያገኘ ሰው ፊቱ ሲበራ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ቁጥሩ እንግዳ መስሎት ነበርና።

ከ2019 እስከ 2047 ያለው 28 ዓመት ነው። በ28 ዓመት ውስጥ እንቁጣጣሽ 28 ጊዜ አንድ አንድ ቀን ይሄዳል፤ በዘመነ ሉቃስ ምክንያትም 7 ተጨማሪ ቀን ይዘላል። ድምሩ 35 ነው፤ 35ም ልክ 5 ሳምንት ነው። ስለዚህ ከ28 ዓመት በኋላ ሁሉ ነገር ወደነበረበት ይመለሳል፤ ልዩነቶቹም 5፣ 6፣ 11፣ 6 እያሉ ይደጋገማሉ። በ28 ዓመት ውስጥ ሁለቱ በዓላት የሚገናኙት 4 ጊዜ ነው። 28 ለ4 ሲካፈል ስንት ይሆናል? 7 ይሆናል።

ከዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። «በየ7 ዓመቱ» ብሎ ተሳስቶ የነበረው የመጀመሪያው ተናጋሪ በአማካይ ልክ ሆኖ ተገኘ። ነገር ግን ከልዩነቶቹ መካከል አንዱም 7 አይደለም፤ ወደፊትም አይሆንም። ብቻውን ያሰበ ሰው ወይ በ7 ረክቶ ይተወው ነበር፤ ወይም በ6 አፍርሶ ይጥለው ነበር። ሁለቱ አሳቦች ተጋጭተው የቆዩት ተወያዮች ስለነበሩ ነው።

በዚህ ክርክር ውስጥ የሰዋስው ጉዳይም አለበት። ጠቡ ሁሉ የተነሣው «በየ» ከምትለው ትንሽ ቃል ነው። «በየ7 ዓመቱ» ማለት አንዱ ከሌላው በእኩል ርቀት ይመጣል ማለት ነውን? ወይስ በብዙ ዘመን ውስጥ ተቆጥሮ ሲካፈል 7 ይደርሰዋል ማለት ነው? በዕለት ንግግራችን ሁለቱን አንለይም፤ የሒሳብ ውይይት ግን እንድንለይ ያስገድደናል። ሌላ ምሳሌ እንጨምር። «ሁሉም ተማሪዎች አልመጡም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። አንዱ ሰው «አንድም ተማሪ አልመጣም» ማለት ነው ይላል፤ ሌላው «የመጡም የቀሩም አሉ» ማለት ነው ይላል። አማርኛችን ሁለቱንም ይፈቅዳል። አንድ ሰው በማረጋገጫው ውስጥ «ሁሉም ቁጥሮች ለ3 አይካፈሉም» ብሎ ቢጽፍ ግን አንባቢው የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም። «አንዳቸውም ለ3 አይካፈሉም» ወይም «ለ3 የማይካፈል ቢያንስ አንድ ቁጥር አለ» ብሎ መጻፍ አለበት። በድርሰት ክፍለ ጊዜ «አሳባችሁን ግልጽ አድርጋችሁ ጻፉ» የሚባለው ምክር በሒሳብ ውይይት ውስጥ ምክር መሆኑ ይቀርና ግዴታ ይሆናል። በጽሑፍ መወያየት በቃል ከመወያየት የሚሻልበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የተጻፈ ቃል አይካድም፤ በየትኛው መሥመር ላይ ስሕተት እንደገባም ጣት ተጥሎ ይታያል።

እናንተ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ተደጋጋሚ አሥርዮሽን ወደ ክፍልፋይ መለወጥ ተምራችኋል፤ ወይም በቅርቡ ትማራላችሁ። 0.333… ከ1/3 ጋር እኩል ነው ሲባል ማንም አይከራከርም። 0.999… ከ1 ጋር እኩል ነው ሲባል ግን ክፍሉ በሁለት ይከፈላል። እኩል ነው የሚለው ወገን እንዲህ ያስረዳል፦ ቁጥሩን ሀ እንበለው። ሀ በ10 ሲባዛ 9.999… ይሆናል። ከዚህ ላይ ሀ ሲቀነስ 9 ይቀራል። ስለዚህ 9 ጊዜ ሀ ከ9 ጋር እኩል ነው፤ ሀም 1 ነው። የማይቀበለው ወገን ደግሞ «የዘጠኙን ብዛት የፈለጋችሁትን ያህል ብትጨምሩ ምንጊዜም ትንሽ ይጎድለዋል» ይላል።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁለቱ ይልቅ ሊደመጥ የሚገባው የማይቀበለው ነው። ስሌቱን አይቶ ወዲያው «እሺ» ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የተቀበለው ምልክቶቹን እንጂ አሳቡን አይደለም። የተቃወመው ግን አንድ ነገር አይቷል፤ 0.9 ከ1 ያንሳል፤ 0.99 ያንሳል፤ 0.999 ያንሳል። ለእርሱ የሚገባው መልስ ሌላ ጥያቄ ነው፦ «የሚጎድለው ስንት ነው?» አንድ ሺህኛ ነው ቢል አራት ዘጠኝ ስንጽፍ ጉድለቱ ከዚያ ያንሳል። አንድ ሚሊዮንኛ ነው ቢል ሰባት ዘጠኝ ይበቃል። ስም ሊሰጠው የሚችል ከዜሮ የሚበልጥ ጉድለት አይገኝም። በመጨረሻ ሁለቱም ወገኖች እውነተኛው ጥያቄ ከዘጠኞቹ በኋላ ያሉት ሦስት ነጥቦች ምን ማለት ናቸው የሚለው እንደነበር ይረዳሉ። ነጥቦቹ ጽሑፉ የትም እንደማይቆም ያመለክታሉ፤ 0.9፣ 0.99፣ 0.999 የተባሉት ቁጥሮች ግን በየትኛውም ቦታ የቆሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ውይይት በአንድ ክፍለ ጊዜ አያልቅም፤ ማለቅም የለበትም።

የተማሩ ሰዎች በሒሳብ ጥያቄ አይሳሳቱም ብላችሁ እንዳታስቡ። ሦስት ስኒዎች ተደፍተው ተቀምጠዋል፤ ከአንደኛው ሥር አንድ ብር አለ። እናንተ አንዱን ስኒ ትመርጣላችሁ። ብሩን የደበቀው ሰው የት እንዳለ ያውቃልና ከቀሩት ሁለት ስኒዎች ባዶ የሆነውን አንሥቶ ያሳያችኋል። አሁን በመጀመሪያው ምርጫችሁ ብትጸኑ ይሻላል ወይስ ወደ ሌላው ብትለውጡ? ማሪሊን ቮስ ሳቫንት የተባለች አሜሪካዊት ጸሐፊ በ1990 እ.ኤ.አ. ከዚህ ጋር አንድ የሆነ ጥያቄ «ፓሬድ» በተባለ መጽሔት ላይ ቀርቦላት «መለወጥ ይሻላል» ብላ መለሰች። ወደ 10,000 የሚጠጉ ደብዳቤዎች ጎረፉላት፤ አብዛኞቹም ተሳስተሻል የሚሉ ነበሩ። ወደ 1,000 የሚሆኑት የዶክተርነት ማዕርግ ባላቸው ሰዎች የተፈረሙ ነበሩ። ትክክለኛዋ ግን እርስዋ ነበረች። በመጀመሪያ የመረጣችሁት ስኒ ብሩን የመያዝ ዕድሉ ከሦስት አንድ ነው፤ ደባቂው እያወቀ ባዶ ስኒ ስላነሣ ይህ ዕድል አይለወጥም። ስለዚህ የቀረው ከሦስት ሁለት ዕድል በሌላው ስኒ ላይ ነው። ካልተዋጠላችሁ ከጓደኛችሁ ጋር 60 ጊዜ ሞክሩና ቁጠሩ። ደባቂው የማያውቅ ሆኖ እንዲያው በግምት ቢያነሣና ያነሣው ስኒ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ ነገሩ ይለወጣል፤ ለምን እንደሚለወጥ መከራከር ከመጀመሪያው ጥያቄ የበለጠ ጣዕም አለው።

መወያየት አዲስ እውቀት የሚያስገኝበት ጊዜም አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ቲሞቲ ጋወርስ የተባለ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሊቅ አንድ ከባድ ያልተፈታ ጥያቄ አውጥቶ፣ የፈለገ ሁሉ በኢንተርኔት አማካይነት በአደባባይ አሳቡን እንዲጽፍ ጋበዘ። የተጣለው ሁኔታ አሳቡ ያልበሰለ ቢሆንም እንኳ በአጭሩ ተጽፎ እንዲቀርብ ነበር። በ37 ቀን ውስጥ 27 ሰዎች 800 ያህል አስተያየቶች ጻፉ፤ ጥያቄውም ተፈታ። ከተሳታፊዎቹ መካከል ቴረንስ ታኦን የመሰሉ በዓለም የታወቁ ሊቃውንት ነበሩ፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርም ነበረበት። የወጣው ጽሑፍ የታተመው በአንድ የጋራ የብዕር ስም ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ለእኛ ከባዱ ነገር ስሌቱ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። ታላቅ ሰው ተናግሮ ሳለ ታናሽ «ይህ ልክ አይደለም» ቢል ድፍረት ይመስላል። የተሳሳተ ተማሪም ጓደኞቹ እንዳይስቁበት አፉን ይይዛል። ሒሳብ በዚህ ረገድ እንግዳ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፀጉሩ የሸበተ መምህር የጻፈውን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሊያርመው ይችላል፤ ዳኛው ዕድሜ ሳይሆን ማስረጃው ነውና። ማረም ማለት ግን ማዋረድ አይደለም። «መምህር፣ በሦስተኛው መሥመር ላይ ለ0 ያካፈሉ ይመስለኛል፤ እባክዎ ይመልከቱልኝ» ማለት ክብርንም እውነትንም ይጠብቃል። ጥሩ መምህርም እንዲህ ሲባል «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሰርዞ ይጽፋል፤ ከዚህ የሚያገኘው ደስታ በክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ልክ ሆኖ ከሚያገኘው ይበልጣል። እርግጥ ሁሉም መምህር እንዲህ አይደለም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ከቦዲቲ ወይም ከአረካ አንድ ተማሪ የቤት ሥራውን በስልክ ፎቶ አንሥቶ «መልሱን ላኩልኝ» ብሎ ቢልክ፣ ደግ ሰው ሁሉ ሠርቶ ሊልክለት ይችላል። ይህ ውይይት አይደለም። የለመደ ተወያይ መጀመሪያ «እስካሁን ምን ሞከርህ? የቆምኸው ከየት ላይ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጠያቂው የቆመበትን ቦታ በቃል ሲገልጥ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ጥያቄውን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይታየዋል። ይህ በእውነት የሚደርስ ነገር ነው፤ የሚያስቀውም ጥያቄውን ሰርዞ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ማለቱ ነው።

መወያያ ጥያቄ ለማግኘት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም። ወላይትኛ የምትናገሩ ተማሪዎች ከአምስት በኋላ ያሉትን ቁጥሮች ጥሩ፦ ኡሱፑና፣ ላፑና፣ ሆስፑና፣ ኡዱፑና። አራቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ያበቃሉ፤ ከዚያ ታማ፣ ማለትም አሥር ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል። ይህ ነገር ከአምስቱ የእጅ ጣቶች ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን? ከአያቶቻችሁ ጋር ተጨዋወቱበት፤ አማርኛ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ያሉትን እንዴት እንደሚጠራም አስተያዩ።

የበለጠ ስሌት የሚፈልግ ጥያቄ ለሚወድ ደግሞ ይህ አለ። በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር በየትኛውም ዓመት ከመስከረም እስከ መጋቢት ያሉት ሰባት ወሮች የመጀመሪያ ቀኖቻቸው በሰባት የተለያዩ የሳምንት ቀኖች ላይ ይውላሉ፤ አንዱም አይደገምም፤ አንዱም አይቀርም። በ2019 ዓ.ም. መስከረም በዓርብ ይጀምራል፤ ጥቅምት በእሑድ፤ ኅዳር በማክሰኞ። የቀሩትን አራቱን ሙሉና 30ን ለ7 አካፍላችሁ ቀሪውን ተመልከቱ። ከዚያም እያንዳንዱ ወር 28 ቀን ቢሆን ኖሮ፣ ወይም 31 ቢሆን ኖሮ፣ ይኸው ነገር እውነት ሆኖ ይቀር እንደሆነ ከአጠገባችሁ ከተቀመጠው ተማሪ ጋር ተከራከሩ።